ዶክተር ቀረሽና የሐሙሱ ስህተት

በየቤተሰቡ ትምህርቱን ሊጨርስ ትንሽ የቀረው ሰው አይጠፋም። የእናንተን ቤተሰብ አላውቀውም፤ ግን እዚያም አንድ አለ ብዬ እምላለሁ። የአክስት ልጅ ይሆናል፣ ወይም የባል ወንድም፣ ወይም እንደ እኛ ቤት ተከራይ። ልጆች ተወልደው፣ አድገው ትምህርት ቤት ሲገቡ እሱ እየተማረ ነው። እነዚያው ልጆች ተመርቀው ሥራ ሲይዙም እሱ እየተማረ ነው። ስለ እሱ ሲጠየቅ የሰው ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ሐኪም ቤት ስለተኛ ሰው የሚጠየቅ ይመስላል። "እንዴት ነው? አሁንስ ተስፋ አለው ይላሉ?"

የእኛው ክቡር ዶክተር ቀረሽ ናቸው። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቴ ነች። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ "ቤተ መንግሥት ቀረሽ ቪላ ይባል የለ? እንግዲህ ይሄም ዶክተር ቀረሽ ነው" አለች፤ በቃ፣ ተጣበቀበት። እሱም አልተቀየመም። እንዲያውም ጥቂት አሰበና፣ "ልክ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረኝ" አለ።

ወደ ቤታችን የገባው ለስድስት ወር ነበር። የጓሮውን ክፍል የሰጠችው ባለቤቴ ናት። "ጸጥ ያለ ልጅ ነው፤ ስድስት ወር ብቻ ነው የቀረው" አለችኝ። ይህን ያለችኝ ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ጸጥተኛ ስለመሆኑ ግን አልተሳሳተችም።

የሚያጠናው የመኪና ባትሪ ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ባትሪ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታችን መኪና አልነሳ አለና ሰዎች ተሰብስበው እሱን አስጠሩት። መጣ። ኮፈኑ ተከፈተለት። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። በመጨረሻ ቀና አለና በሐዘን፣ "ይሄ እኮ የሊድ ባትሪ ነው" አለ።

"ታዲያስ?" አለው ጎረቤታችን።

"እኔ የማጠናው ሊቲየም ነው።"

እህቴ እዚያው ነበረች። "የጥርስ ሐኪም ነኝ፣ ግን የማየው የላይኛውን ብቻ ነው እንደማለት ነው" ብላ ሄደች። መኪናዋን ገፍተን አስነሳናት። ክቡርነታቸውም ገፉ፤ ያውም ከሁላችንም በላይ።

ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ወጥ ቤት ተቀምጠን እኔ ዳቦ እየቆረጥኩ እሱ አስረዳኝ።

"ጋሼ፣ የሚሠራ ባትሪ ተከፍቶ አይታይም። ከውጭ የምናውቀው ጥቂት ነገር ነው። ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደገባና እንደወጣ፣ ቮልቴጁ፣ ሙቀቱ። ከእነዚህ ተነስተን ውስጡ ስንት እንደቀረው እንገምታለን። ያንን የሚገምተውን ስሌት ነው ሞዴል የምንለው።"

"ለግምት ነው ይሄ ሁሉ ዓመት?"

"ለትክክለኛ ግምት ነዋ!"

እኔ ደግሞ ነገርኩት። ስነዳው የነበረው አውቶቡስ የነዳጅ ጌጁ ከተበላሸ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በዳገቱ ብዛት፣ በተሳፋሪው ብዛት፣ በሞተሩ ድምፅ እየገመትኩ ነበር የምሠራው። አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቀረሁም። ዳቦውን አስቀመጠና በሁለት እጁ እጄን ጨበጠኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሞዴል ነበረዎት!" ከጡረታ ወዲህ እንደዚያ ያከበረኝ ሰው የለም።

ሁለት አባባል ነበረው። አንዱን ሰምታችኋል። ሁለተኛው "እንደ ሁኔታው ነው" ነበር። ሻይህ ስኳር ይብዛበት? እንደ ሁኔታው ነው። ዛሬ ይዘንባል? "ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይፈልጋሉ?" ይላል። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ሾርባ ሠርታ ጨው አነሰው ወይ ብላ ጠየቀችው። ማንኪያውን ይዞ እስኪቀዘቅዝ አሰበ።

በቤታችን ማንኛውም ስልክ ከሰማንያ በመቶ በላይ እንዲሞላ አይፈቀድም ነበር። ሞልቶ የሚውል ባትሪ ቶሎ ያረጃል ይላል። ሳሎን ተቀምጠን ስናወራ ብድግ ብሎ፣ "ሰማንያ ደረሰ!" ይልና የሰውን ስልክ ከሶኬቱ ይነቅላል። የእህቴንም ነቀለ። እሷ የሞላላት መስሏት ረጅም መንገድ ወጣች፤ ማታ የሚቀበላት ሰው ጋ ልትደውል ስትል ባትሪው አልቆ ስልኩ ጠፋ። ስትመለስ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"የት አለ ያ ሊቅ?"

"ዕድሜውን እያራዘምኩልዎ ነበር እኮ" አላት ከበሩ ኋላ።

"የእኔን ዕድሜ ማን ያራዝምልኝ? አንድ ሰዓት ሙሉ ጣቢያው ላይ ተገትሬ!"

እሑድ እሑድ እናቱ ትደውልለታለች። ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያናግራት፤ ስለዚህ ወሬው የሁላችንም ነው።

"ልጄ፣ ያ ባትሪ እስካሁን አልሞላም እንዴ?"

"ትንሽ ነው የቀረው እማዬ።"

"እስቲ ሶኬቱን እየው፤ አልተሰካ ይሆናል።"

ባለቤቴ ይህን በሰማች ቁጥር እየሳቀች ወደ ወጥ ቤት ትገባለች። ግን ፊቱ ላይ ስቃበት አታውቅም። በዚያ ቤት ያለ ሹፈት "ዶክተሬ" ብላ የምትጠራው እሷ ብቻ ነበረች።

ባለቤቴ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። ሥራ የምትመላለስባት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነበረቻት፤ ሰው ነድቶ የሸጣት። እኔ አልነካኋትም። ድምፅ የሌላትን መኪና አላምናትም ነበር፤ ፍሪሲዮን የላት፣ ካምቢዮ የላት። ዶክተር ቀረሽ ግን መኪናዋን ሲያይ ዓይኑ በራ። የቤተ ሙከራ ባትሪ በሣጥን ውስጥ በተመጠነ ሙቀት ነው የሚሠራው፤ እሱ የሚያስፈልገው እውነተኛ ሰው በእውነተኛ መንገድ የሚነዳው ነበር። ከመሪው ሥር የክብሪት ሣጥን የምታክል መሣሪያ ገጠመ። መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደወጣ፣ በምን ፍጥነት እንደሄደች፣ ሁሉንም ትመዘግባለች። የት እንደሄደች ግን አትመዘግብም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ "ጥሩ፤ ገመናዬ ተጠበቀ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መታጠፊያ ላይ ፈጥና እኔ ስጮህባት፣ "ዝም በል፣ ለሳይንስ ነው" ትለኝ ነበር።

ካረፈች አሥራ አራት ወር ሆናት። ሕመሙ ሦስት ሳምንት ነው የፈጀው። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንዶች ቀረን። ክቡርነታቸው ማጽናናት አይችሉበትም። በመጀመሪያው ሳምንት በሬን አንኳኳና ለረጅም ጊዜ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ ውኃ ፈልቷል" አለኝ። ሻይ ማለቱ አልነበረም፤ ውኃው በእርግጥ ፈልቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰበበትም። ተነስቼ ሻዩን አፈላሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ውኃ ያፈላና ያንኳኳል። እኔም እነሳለሁ። ብዙ ቆይቼ ነው በየጠዋቱ ከአልጋ የምነሳው በዚህ ምክንያት መሆኑ የገባኝ።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። እሱ በየሳምንቱ ሸራውን ገልጦ ያያታል፤ "ሃምሳ በመቶ ላይ ነች" ይለኛል። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ ባትሪ በሥራ ብቻ አይደለም የሚያረጀው፤ ዝም ብሎ በመቀመጥም ያረጃል" አለኝ። ስለ መኪናዋ ነበር የሚያወራው። እኔ ግን ሶፋው ላይ ነበርኩና ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

እህቴ መኪናዋ እንድትሸጥ ትወተውተኝ ጀመር። "ቆማ ምን ትሠራለች? አንተ አትነዳት። ያ ዶክተር ቀረሽ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለው።" እውነቷን ነው። የተሽከርካሪ ባትሪ ሲያጠና የኖረው ሰው ተሽከርካሪ መንዳት አይችልም። በመጨረሻ እሺ አልኳት። ለቅዳሜ የሚያያት ሰው አገኘች።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ዶክተር ቀረሽ ውኃውን አፍልቶ ሲያንኳኳ እጁ ላይ ደብዳቤ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ጽሑፉን ካላስረከበ መዝገቡ ይዘጋል ይላል። ከእንግዲህ ማራዘሚያ የለም። ደብዳቤውን የስኳሩ ዕቃ ሥር አደረገው፤ እዚያ ያደረገው ወረቀት የሚጠፋ ይመስል።

"ስንት ቀረህ?" አልኩት።

ሰባት ዓመት ሙሉ የምናውቀውን መልስ ጠበቅሁ። በምትኩ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ሁለት መስመሮች ናቸው። ጥቁሩ የመኪናዋ እውነተኛ ልክ ነው፤ ሰማያዊው የእሱ ሞዴል የገመተው። ሰኞ ተያይዘው ይወርዳሉ፣ ማክሰኞ ተያይዘው ይወርዳሉ፣ ረቡዕም። ሐሙስ ሲደርስ ይለያያሉ። ሞዴሉ ብዙ ቀርቷል ይላል፤ መኪናዋ አልቀረኝም ትላለች። ዓርብ ተሞልታ ስትነሳ እንደገና ይታረቃሉ።

"በየሐሙሱ?"

"በአንዱ ዓመት ለስምንት ወር ያህል፣ በየሐሙሱ። ምክንያቱን አላውቀውም። ጎማውን አየሁ፣ ሙቀቱን አየሁ፣ ነፋሱን እንኳ አየሁ። አማካሪዬ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚሳሳት ሞዴል ሾፌሩን በሳምንት አንድ ቀን መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ ምክንያቱን ሳታውቅ አታስረክብም አሉኝ። ልክ ናቸው።"

እህቴ ይህን ስትሰማ፣ "ሐሙስን ይዝለላ! ስድስት ቀን ምን አነሰው?" አለች። እሱ ግን መዝለልን አያውቅበትም።

"አንድ ነገር ልለምንዎ፤ መኪናዋን ቅዳሜ አይሽጧት። አንዴ ብቻ ልለካት" አለኝ። ቃል አልሰጠሁትም። ሰው ቀጥረናል፣ የእህቴም ፊት አለ። ዳቦዬን ቆረጥኩ።

እሱም ዳቦውን እያኘከ ጠየቀኝ። "ጋሼ፣ ያን ጊዜ እትዬ ሐሙስ ሐሙስ የት ነበር የሚሄዱት?"

የት ትሄድ እንደነበር ሰው ከጠየቀኝ ቆይቷል። ሰው ባለቤቱ ለሞተችበት ስለ ሞቷ ያወራል፤ ሐሙስ የት ትውል እንደነበር አይጠይቀውም። ስለዚህ አስረድቼ ነገርኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠው ግራ ጉልበቴ በዚያ ዓመት እምቢ ብሎኝ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ፊዚዮቴራፒ ትወስደኛለች። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ፣ "እንደ ሕፃን እንዳትጠብቂኝ፤ ሰው ያያል" አልኳት። "ማን ይጠብቅሃል? ገበያ አለብኝ" አለችኝ። ትሄዳለች፤ ስወጣ በሩ ላይ ትደርሳለች፤ ከኋላ የአትክልት ዘንቢል አለ። የሐሙስ ሰላጣ ግን ሁልጊዜ የጠወለገ ነበር። "የሐሙሱ ነጋዴ ያታልልሻል" እላታለሁ። "እሺ፣ በሚቀጥለው አየዋለሁ" ትላለች። በሚቀጥለውም ጠውልጎ ይመጣል። ነጋዴውን በዓይኔ ባላየውም ለስምንት ወር ረግሜዋለሁ።

"ገበያው ከሕክምናው ምን ያህል ይርቃል?" አለ።

"አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።"

ማኘኩን አቆመ። "ወደ ገበያ የተነዳ የለም" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"መዝገቡ ውስጥ። ከቤት አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ወደ ቤት አሥራ ሁለት ደቂቃ። በመካከሉ የተነዳ የለም።" ዳቦውን ትቶ ወጣ። ቀኑን ሙሉ አላየሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ውኃው ሳይፈላ ነው ያንኳኳው። ወረቀት ይዟል፣ ፊቱ ደግሞ የጥፋተኛ ፊት ነበር። ወጥ ቤት ተቀመጥን።

"ጋሼ፣ ስህተቱ የእኔ ነው" አለ። "በመጀመሪያው ዓመት ለኮምፒውተሩ አንዲት ትእዛዝ ጽፌ ነበር። መኪናዋ ተነስታ ከሃያ ደቂቃ በላይ ካልተንቀሳቀሰች መሣሪያው ተሳስቷልና ሰርዘው የምትል። ሰው መኪና አስነስቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም ብዬ ነው። ከዚያ ትእዛዟን ረሳኋት። ሞዴሉ ሐሙስ የሚሳሳተው እኔ የሐሙሱን ቆርጬ ስለምጥልበት ነው። የወጣውን ሳላሳየው እንዴት ይገምት?"

"ታዲያ አሁን መለስከው?"

"ዋናው መዝገብ አልጠፋም።" ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው፤ ግን እሱ አነበበልኝ። "አሥራ ሁለት ደቂቃ ነዱ። ቆሙ። መኪናዋን አላጠፏትም። ማሞቂያው ዝቅ ብሎ በርቷል። ትንሽ ሌላ ነገርም አለ፤ ሬዲዮ ይመስለኛል። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ከዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ።"

"የትኛው ሐሙስ ነው?"

"ሠላሳ አራት ሐሙስ አለ ጋሼ። ሁሉም እንደዚህ ነው።"

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ትልቅ ነገር የሚናገር ይመስለዋል። እኔ፣ "ሰላጣውስ?" አልኩት።

እሱም ደግ ነውና አልሳቀም። ወረቀቱን ገለጠ። ጣቱን መስመሩ ላይ አስኬደ። "ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ ሲመለሱ ሩብ ሰዓት የሚቆሙበት ቦታ አለ። ገበያው ያ ይመስለኛል" አለ።

እንግዲህ ረቡዕ ትገዛዋለች። መኪናው ውስጥ ያድራል። ሐሙስ ከእሷ ጋር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ማሞቂያ ይሞቃል። ከዚያ እኔ እያነከስኩ እወጣለሁ፣ እሷ አሁን የደረሰች ትመስላለች፣ እኔም ሰላጣውን አይቼ ነጋዴውን እራገማለሁ። እሷም እሺ ትላለች።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ስህተት ናቸው ብዬ ነው የሰረዝኳቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ውኃውን ራሴ ጣድኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው እስኪፈላ ድረስ እዚያው ቆምኩ። እሱም ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር ዝም ማለት ይችልበታል።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለች። "ሰውዬው ቅዳሜ በአራት ሰዓት ይመጣል" አለች።

"አይምጣ። አትሸጥም።"

"ምነው? ምን ተገኘ?"

"እንደ ሁኔታው ነው" አልኳት።

"ተጋባብህ!" አለችና ዘጋችው።

ሠላሳ አራቱ ሐሙሶች ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ሁለቱ መስመሮች ሳምንቱን ሙሉ ተያይዘው ሄዱ። ሊያሳየኝ ሲጠራኝ ሄጄ አየሁ፤ ሐሙስ ላይ ሁለቱም አብረው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ጽሑፉን ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አስረከበ።

ከሦስት ወር በኋላ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚከላከልበት ዲፌንሱ ማክሰኞ ዋለ። መንጃ ፈቃድ የለውምና ማን ይውሰደው? ለሁለት ሳምንት መኪናዋን በሰፈሩ እየዞርኩ ተለማመድኩ። ግራ እግሬ በየመስቀለኛ መንገዱ የሌለውን ፍሪሲዮን ይፈልግ ነበር። ጎረቤቶች ቆመው ያዩኝ ነበር፤ አውቶቡስ እንደሚያዞር ሰው ስታጠፍ የመንገዱን ስፋት ሁሉ እወስደዋለሁና።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አደረስኩት። የእኔን የሥራ ከረባት አስሬለታለሁ፤ ማሰር አይችልም።

"ጋሼ፣ ይገባሉ አይደል? ወንበር አስይዤልዎታለሁ።"

"እኔ ምኑ ይገባኛል? ገበያ ደርሼ እመጣለሁ።"

ፊቱ ትንሽ ወደቀ፤ ግን ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። ደረጃው ላይ ተበተኑበት። ለቀመ። ገባ።

እኔ ከበሩ ፊት ለፊት አቆምኩ። መኪናዋን አላጠፋኋትም፤ ብርድ ነው። ማሞቂያውን ዝቅ አድርጌ፣ ሬዲዮውን ከፈትኩት። ጣቢያውን አልቀየርኩትም። እሷ የተወችው ነው።

መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው የሚታየው በር ብቻ ነው። ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ አያይም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ስንት ሰዓት ሆነ፤ ከዚያ እየተነሳ ይገምታል። አሁን አስቸጋሪ ጥያቄ ጠይቀውታል። አሁን ጉሮሮው ደርቋል። አሁን "እንደ ሁኔታው ነው" ብሏቸው ተቆጥተዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። ሌላ ሰው ነው። ቀስ እያልኩ ሠላሳ አራቱን አንድ በአንድ ያሰብኳቸው ያኔ ነው። እሷም ከሕክምናው በር በወጣሁ ቁጥር ፊቴን አይታ የጉልበቴን ነገር ትገምት ነበር ማለት ነው።

ሲወጣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ነበር። መኪናዋን ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ እንደገና መጣሁ፤ ያኔ የደረስኩ እንድመስል። ገባና ተቀመጠ።

"እህሳ?"

"አለፍኩ።"

"ምንም አልቀረህም?"

"የፊደል እርማት ብቻ። ትንሽ ነው" አለና ራሱ ሰምቶት ሳቀ። ከዚያ ቀበቶውን አሰረና፣ "አንደኛዋ ፈታኝ የሐሙሶቹን ጠየቁኝ" አለ። "እነዚህ የመሣሪያ ስህተት አለመሆናቸውን በምን አወቅህ አሉኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"ሰው እየጠበቁ ነበር አልኩ።"

"እሳቸውስ?"

"መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከዚያ 'ቀጥል' አሉኝ።"

ፍሬቻ አሳይቼ ወደ መንገዱ ገባሁ። እናቱ ጋ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"እማዬ፣ ሞላ!"

"ሞላ? በል ንቀለውና ወደ ቤትህ ና" አለችና እልልታዋን አቀለጠችው።

ቤት ስንደርስ ዘንቢሉን ከኋላ አወጣሁ። ሰኞ የገዛሁት ሰላጣ ነበረበት። እሱ አየው፤ ቅጠሉን በጣቱ ነካ አደረገና ሳህን አመጣ። ሁለታችንም በላነው።

አሁን ክቡር ዶክተር፣ "ቀረሽ" የተነሣላቸው፣ ሌላ ከተማ ባትሪ በሚሠራ ድርጅት ተቀጥረዋል። ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነኝ፤ መሣሪያዋ ከመሪው ሥር እንዳትነቀል። "ትንሽ የምጨምረው አለ" አለኝ። የጓሮው ክፍል እንደነበረ ነው፤ ሌላ ሰው አላስገባሁበትም። ጠዋት ውኃውን አሁን የማፈላው እኔ ነኝ፤ ከመልመድ ብዛት ሲፈላ አንድ ጊዜ የበሩን እንጨት አንኳኳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። ስለ ሥራው ነገረኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ።

"ጋሼ" አለኝ በመጨረሻ፣ "የዚያን ማክሰኞ መዝገብ አየሁት።"

"የቱን ማክሰኞ?"

"የዲፌንሴን። መኪናዋ ገበያ አልሄደችም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆማለች። ማሞቂያው በርቷል። ሬዲዮም አለ።"

"የመሣሪያ ስህተት ነው፤ ሰርዘው" አልኩት።